ሮበርትስፖርትን ማን አገኛት?

ባሕር የሌላት አገር ልጅ ስለ ማዕበል ምን አገባት የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነችበት ከ1993 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአዲስ አበባ ልጅ “ባሕር ዳርቻ” ማለት ላንጋኖ ነው። ላንጋኖ አሸዋ አለው፣ ዓሣ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙዚቃ አለው። ሰው ቆሞ የሚጋልበው ማዕበል ግን የለውም። ሰርፊንግን የምናውቀው በፊልም ነው። ስሙ ሲነሣ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፀጉሩ በፀሐይ የነጣ፣ ቦርዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ውኃው የሚሮጥ የካሊፎርኒያ ጎረምሳ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አውሮፓ ውስጥ በታተሙ ብዙ ካርታዎች ላይ ዛሬ ደቡብ አትላንቲክ የምንለው ውቅያኖስ “የኢትዮጵያ ውቅያኖስ” ተብሎ ይጻፍ ነበር። አትቸኩሉ፤ ይመለስልን ልል አይደለም። ካርታ ሠሪዎቹ “ኢትዮጵያ” የሚለውን ቃል ከግሪኮች ወርሰው ለጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ይጠቀሙበት ስለነበር፣ በእነሱ አፍ ነገሩ “የጥቁሮች ባሕር” እንደማለት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ይህ ባሕር የሚልከውን ማዕበል ከሚቀበሉት መንደሮች ስለ አንዷ ነው። ስሟ ሮበርትስፖርት ነው፤ የምትገኘው ላይቤሪያ ውስጥ ነው። ስለ እሷ የተጻፈውን የጉዞ ጽሑፍ ሁሉ ብትሰበስቡ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣባችኋል፦ “ያልታወቀች”።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አጭር ነው። ያልታወቀችው ለማን ነው?

ማዕበሉ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ከዋና ከተማዋ ከሞንሮቪያ ተነሥታችሁ ወደ ሴራሊዮን ድንበር፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትጓዙ ግራንድ ኬፕ ማውንት የሚባል አውራጃ ትደርሳላችሁ። የአውራጃው ዋና ከተማ ሮበርትስፖርት ናት። “ዋና ከተማ” ስላልኩ ሐዋሳን እንዳታስቡ፤ ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከፊት ለፊቷ አትላንቲክ፣ ከኋላዋ የላይቤሪያ ትልቁ ሐይቅ ፒሶ፣ ከበላይዋ ደግሞ ደን የለበሰ ተራራ አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ያለፉ የፖርቱጋል መርከበኞች ይህን ተራራ ከሩቅ አይተው ቦታውን “የተራራ ርእሰ ምድር” አሉት። ኬፕ ማውንት የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

የማዕበሉ ጥራት ምስጢርም ይኸው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሮበርትስፖርት የሚደርሰው ማዕበል እዚያ አይወለድም። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ክረምት ሲሆን ከአፍሪካ ጫፍ በታች በቀዝቃዛው ውቅያኖስ ላይ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ የገፋው ውኃ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ወደ ሰሜን ይጓዛል። በመንገዱ ላይ የተዘበራረቀው ሞገድ እየተለየና እየተስተካከለ ይሄድና ምዕራብ አፍሪካ ሲደርስ ሰልፍ እንደያዘ ወታደር በተራ ይመጣል። ቀጥ ያለ ዳርቻ ላይ ቢደርስ በአንድ ጊዜ ዷ ብሎ ይሰበርና ያልቃል። ኬፕ ማውንት ግን ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣ መሬት ስለሆነ ማዕበሉ ጫፉን ታኮ ይታጠፋል፤ ከአንድ ወገን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተሰበረ በዳርቻው ይሄዳል። ሰርፈሩ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ከሚሰበረው ውኃ ፊት ፊት እየቀደመ በስተግራው ረጅም መንገድ ይጋልባል።

ምርጡ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ችግሩ ይህ የላይቤሪያ ዝናብ ወቅትም መሆኑ ነው። የእኛን ሐምሌ ዝናብ የምታማርሩ ሰዎች የላይቤሪያን ጠረፍ ብታዩት ለሐምሌ ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ። ሞንሮቪያ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የአዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው።

“ማንም ያልነካው”

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ሮበርትስፖርት በዓለም ሰርፈሮች ዘንድ ስሟ የወጣው በ2000ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ነው። የላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነት በ2003 ሲያበቃ የረድኤት ድርጅት ሠራተኞች፣ ጋዜጠኞችና ጀብደኛ ተጓዦች መግባት ጀመሩ። ከእነሱ ውስጥ ቦርድ ይዘው የመጡ ነበሩ። “ስላይዲንግ ላይቤሪያ” የሚል ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። የሰርፊንግ መጽሔቶችም ጻፉ። የጽሑፎቹ ዜማ ተመሳሳይ ነው፦ ባዶ ዳርቻ፣ ፍጹም ማዕበል፣ ሰው የለም።

ሰው የለም? ከማዕበሎቹ አንዱን ሰርፈሮች ራሳቸው “የዓሣ አጥማጆች” ብለው ነው የሚጠሩት። የጠሩትም ዓሣ አጥማጆች ስላሉበት ነው። በየማለዳው ታንኳቸውን በዚያው ማዕበል ውስጥ ሰንጥቀው የሚወጡ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማዕበሉ ጀርባ ተሳፍረው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ማዕበሉ መቼ እንደሚያብጥ፣ በየት በኩል እንደሚሰበር፣ በስንተኛው ላይ መቅዘፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ባያውቁ እራት የለም። ከእነዚህ ዓሣ አጥማጆች መካከል ክሩ የሚባሉት የላይቤሪያ ተወላጆች አሉ፤ ከጋና ጠረፍ የመጡ ፋንቲዎችም አሉ። የሁለቱም ሕዝቦች ታሪክ ከማዕበል ጋር የተያያዘ ነው።

ከካሊፎርኒያ በፊት

የሰርፊንግ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከሃዋይ ይጀምራል። የካፒቴን ኩክ ሰዎች በ1770ዎቹ መጨረሻ ሃዋይ ደርሰው ሕዝቡ በጣውላ ማዕበል ሲጋልብ አይተው ጻፉ፤ ከዚያ ጨዋታው ወደ ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ሄደ ይባላል። የሃዋይ ክብር ለሃዋይ ይሁን፤ ማንም አይነካባቸውም። ነገር ግን ከኩክ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1640ዎቹ፣ ሚካኤል ሄመርሳም የተባለ ጀርመናዊ ዛሬ ጋና በምንለው ጠረፍ ቆይቶ ነበር። ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ከጣውላ ጋር አስረው ወደ ውኃ እንደሚለቋቸው ጽፏል። ሰውየው ዋና እየተማሩ ነው ብሎ ነው የተረዳው። ኬቪን ዳውሰን የተባሉ የታሪክ ምሁር ግን በ2018 ባሳተሙት የአፍሪካውያንን የውኃ ባህል በሚመለከት መጽሐፋቸው፣ ይህን በጽሑፍ ከተገኙት የሰርፊንግ ምስክርነቶች የመጀመሪያው አድርገው ያነቡታል።

አንባቢ ይህ የምሁር ትርጉም ነው ሊል ይችላል። እንግዲያው በ1830ዎቹ አክራ የደረሰውን እንግሊዛዊ መኮንን ጄምስ አሌክሳንደርን እንስማ። እሱ ያየው አያከራክርም። ልጆች ቀላል ጣውላ ሆዳቸው ሥር ይዘው ወደ ባሕሩ እየዋኙ ይገባሉ፤ ማዕበል ይጠብቃሉ፤ ሲመጣ በላዩ ላይ ሆነው ወደ ዳርቻው ይመለሳሉ። ይህ ሰርፊንግ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሦስተኛው ምስክር ቶማስ ሃቺንሰን ነው። በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ የካሜሩን ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች በጣም ቀላልና ጠባብ ታንኳ ይዘው፣ ለሥራ ሳይሆን ለጨዋታ፣ በማዕበል ላይ ሲጋልቡ ማየቱን ጽፏል። የመጽሐፉ ርእስ “በኢትዮጵያውያን መካከል የአሥር ዓመት መንከራተት” ነው። ሰውየው የጻፈው ከሴኔጋል እስከ ጋቦን ስላለው ጠረፍ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከሄድን “ኢትዮጵያውያን” በ1861 ሰርፊንግ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይህን ለላንጋኖ ጓደኞቻችሁ ንገሯቸው።

ማዕበል ለምዕራብ አፍሪካ ሰው መጫወቻ ብቻ አልነበረም። ያ ጠረፍ ተፈጥሯዊ ወደብ የሌለበት ቦታ ይበዛል። የአውሮፓ መርከቦች ከዳርቻው ርቀው መልሕቅ ይጥላሉ፤ ወደ መሬት መቅረብ ይፈራሉ፤ ጀልባቸው ማዕበሉ ውስጥ ይገለበጣል። ስለዚህ ዕቃውንም ሰውንም የሚያመላልሱት የአገሩ ልጆች ነበሩ። ክሩዎች በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መርከቦች ሳይቀሩ ክሩዎችን እየቀጠሩ ይዘው ይዞሩ ነበር። ሞንሮቪያ እንኳ ዘመናዊ ወደብ ያገኘችው በ1948 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ላይቤሪያ የገባ ሚኒስትርም ይሁን የፒያኖ ሣጥን፣ ማዕበል በሚያነብ ቀዛፊ ጀልባ ላይ ነው የገባው። ያለ እነዚህ ቀዛፊዎች በዚያ ጠረፍ ንግድ የለም፣ መንግሥትም የለም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ በ1966 የወጣውን “ዘ ኤንድለስ ሰመር” የተሰኘውን ዝነኛ ፊልም ስናይ ፈገግ እንላለን። ሁለት የካሊፎርኒያ ወጣቶች ማዕበል ፍለጋ ዓለምን ሲዞሩ ሴኔጋልና ጋና ይደርሳሉ። የጋና ልጆች ይከቧቸዋል፤ ቦርድ ይቀበሏቸዋል፤ ወዲያው ይጋልባሉ። ፊልሙ ይህን የሚያሳየው ለአካባቢው አዲስ ነገር እንደመጣ አድርጎ ነው። ልጆቹ እንዴት እንዲህ በፍጥነት እንደቻሉ ቆም ብሎ አይጠይቅም። መልሱ እዚያው አክራ አጠገብ፣ ከ130 ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

ባሕሩ ያመጣው ሁሉ ማዕበል አይደለም

ስለ ሮበርትስፖርት አሸዋ ስታስቡ ሌላም ነገር አስቡ። ኬፕ ማውንት የባሪያ ንግድ በሕግ ከተከለከለም በኋላ በድብቅ ከቀጠለባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1840ዎቹ ቴዎዶር ካኖ የሚባል፣ ፍሎረንስ ጣልያን የተወለደ የባሪያ ነጋዴ እዚያ ሠፈር መሥርቶ “አዲሲቱ ፍሎረንስ” ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1854 ታሪኩ በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ያንን ጠረፍ “ንጹሕ ገነት” የሚለው የጉዞ ጽሑፍ ይህን አይነግራችሁም።

በዚሁ ባሕር በተቃራኒ አቅጣጫም ሰዎች መጡ። ከአሜሪካ ነፃ የወጡና ነፃ ሆነው የተወለዱ ጥቁሮች ከ1820ዎቹ ጀምሮ በዚህ ጠረፍ መስፈር ጀመሩ። በ1847 ላይቤሪያ ነፃ ሪፐብሊክ ሆነች። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ጄንኪንስ ሮበርትስ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ የተወለደ ነው፤ ሮበርትስፖርት የተሰየመችው በእሱ ስም ነው። ስለዚህ የመንደሯ ስም ራሱ የሁለተኛው “ግኝት” ማስታወሻ ነው። ፖርቱጋሎች በተራራው ጠሯት፤ ከአሜሪካ የመጡት በፕሬዚዳንታቸው ጠሯት። ሰርፈሮቹ ሦስተኞቹ ናቸው።

ከአሜሪካ የመጡት ሰዎች ታሪክ መራራ ጎን አለው። ከባርነት ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በአገሩ ተወላጆች ላይ የበላይ ሆኑ። ተወላጆቹ ዜግነት የተሰጣቸው ሪፐብሊኩ ከተመሠረተ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በ1904 ነው። ቂሙ ሲጠራቀም ቆይቶ በ1980 ፈነዳ። ሳሙኤል ዶ የሚባል ማስተር ሳጅን ፕሬዚዳንት ቶልበርትን ገድሎ ሥልጣን ያዘ። ከአሥር ቀን በኋላ አሥራ ሦስት ከፍተኛ ባለሥልጣናት ሞንሮቪያ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ ምሰሶ ላይ ታስረው በጥይት ተደበደቡ። ፎቶግራፈሮች ቆመው ያነሡ ነበር። በ1974 የስልሳዎቹን ባለሥልጣናት ግድያ በሬዲዮ የሰሙ ወላጆች ያሉን እኛ፣ ይህ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አንቸገርም። ላይቤሪያ ውስጥ አሸዋ ማለት ሁልጊዜ መዝናኛ አይደለም።

ፊደል ያላት መንደር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኬፕ ማውንት ዋነኛ ነዋሪዎች ቫይ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ቫይዎች የራሳቸው ፊደል አላቸው።

አዎ፣ የራሳቸው። በ1833 ገደማ ሞሞሉ ዱዋሉ ቡኬሌ የተባለ የቫይ ሰው ከጥቂት ዘመዶቹና ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የቫይ ቋንቋ የሚጻፍበትን ፊደል ቀረጸ። ሐሳቡ በሕልም መጣልኝ ይል ነበር። ከ200 የሚበልጡ ምልክቶች አሉት። እያንዳንዱ ምልክት እንደኛው “ለ”፣ “ሉ”፣ “ሊ” አንድ ሙሉ ድምፅ ይወክላል። የሚጻፈውም ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በ1849 ፎርብስ የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ኬፕ ማውንት ላይ ግድግዳ ላይ የተጻፈ የማያውቀው ጽሑፍ አየና ተገረመ። በዚያው ዓመት ኮለ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊና የቋንቋ ሊቅ መጥቶ ቡኬሌን ራሱን አነጋገረው። ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ቼሮኪ ሕንዶች ፊደል ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን ብለው ይከራከራሉ። በ1821 ገደማ ቼሮኪዎች ተመሳሳይ ዓይነት ፊደል ፈጥረው ስለነበርና አንድ የቼሮኪ ዝርያ ያለው ሰው ኬፕ ማውንት ይኖር ስለነበር ነው። ሐሳቡ ከሩቅ ተሰምቶም ቢሆን ፊደሉን የቀረጹት፣ ያስተማሩትና በእጅ ለእጅ ያቆዩት ቫይዎች ናቸው።

የበለጠ የሚገርመው አጠቃቀሙ ነው። በ1970ዎቹ ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኬፕ ማውንት ተቀምጠው ቫይዎችን አጠኑ፤ ውጤቱንም በ1981 አሳተሙ። በዚያ አውራጃ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ነበር። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ይማሩታል። ዐረብኛ በቁርኣን ትምህርት ይማሩታል። ቫይ ግን ትምህርት ቤት የለውም። ወንድም ለወንድሙ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ያስተምረዋል። ደብዳቤ ይጻጻፉበታል፤ የዕድር የመሰለ የመዋጮ ሒሳብ ይይዙበታል፤ የቤተሰብ ታሪክ ይመዘግቡበታል። መንግሥት ሳያዝ፣ ደመወዝ ሳይከፈልበት፣ ፈተና ሳይኖረው ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። በ2008 ደግሞ የቫይ ፊደል ኮምፒውተር ላይ እንዲጻፍ በዩኒኮድ ውስጥ ተካተተ፤ የእኛው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በ1999 ገብቶ ነበር።

እንግዲህ ይህን ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የምነግረው በምክንያት ነው። “በአፍሪካ የራሷ ፊደል ያላት ብቸኛ አገር” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? በክፍል ውስጥ፣ በሬዲዮ፣ በጥያቄና መልስ ውድድር፣ በቲሸርት ላይ ሳይቀር። የግእዝ ፊደል ጥንታዊነት አያጠራጥርም፤ የሚያኮራ ነው። “ብቸኛ” የሚለው ቃል ግን ሐሰት ነው። ቫይ አለ። በካሜሩን ንጉሥ ንጆያ በ1896 ገደማ ያስጀመሩት የባሙም ፊደል አለ። በ1949 ሶሎማና ካንቴ የቀረጸው፣ ዛሬ ጊኒና ማሊ ውስጥ ጋዜጣ የሚታተምበት ንኮ አለ። በሰሜን አፍሪካ የበርበሮች ቲፊናግ አለ።

“ብቸኛ” ስንል ታዲያ የምናደርገው ምንድን ነው? የሰርፊንግ መጽሔቱ “ያልታወቀች” ሲል ያደረገውን ነው። እኛ ስላላየነው የለም እንላለን። ነጭ ተጓዥ አፍሪካን “አገኘሁ” ሲል የሚያበሳጨን ያህል፣ እኛም በጎረቤቶቻችን ላይ ያንኑ ስናደርግ ሊያሳፍረን ይገባል። ኩራት የሌላውን መካድ ካስፈለገው ደካማ ኩራት ነው።

ላይቤሪያ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አብረው ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ወደቀ፤ ሽንፈቱ ግን ናሚቢያን የዓለም አጀንዳ አደረጋት። ከ2003 በኋላ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት ላይቤሪያ ዘምተዋል። በየሠፈሩ “ላይቤሪያ ነበርኩ” የሚል ጎረቤት የማያጣው ለዚህ ነው። ከእነሱ ስለ ዝናቡና ስለ ቀዩ መንገድ ሰምተናል፤ ስለ ፊደሉ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ቦርዱ ከጦርነት መሃል

ጦርነቱ ከ1989 እስከ 1996፣ ከዚያ ደግሞ ከ1999 እስከ 2003 ቆየ። የሟቾቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 250,000 ገደማ ተብሎ ይገመታል። የሁለተኛው ጦርነት አማፅያን የገቡት በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለነበር ኬፕ ማውንት ከገፈቱ ቀማሾች አንዷ ሆነች። ከሮበርትስፖርት ብዙ ሰው ሸሸ። የቆዩ ቤቶች ጣራቸውን አጡ።

ከሸሹት አንዱ አልፍሬድ ሎማክስ የሚባል ልጅ ነበር። “ስላይዲንግ ላይቤሪያ” የእሱን ታሪክ ይነግራል። በ2003 ሞንሮቪያ በተኩስና በዝርፊያ ስትታመስ እጁ ላይ የገባው አጭር፣ በሆድ ተኝተው የሚጋልቡበት ቦርድ ነበር። ሰላም ሲመጣ ወደ ሮበርትስፖርት ይዞት ተመለሰ፤ ከውጭ የመጡ ሰርፈሮችን እያየ ቆሞ መጋለብ ለመደ። ከዚያ ጀምሮ “የላይቤሪያ የመጀመሪያው ሰርፈር” እየተባለ ተጻፈለት።

ይህን ልጅ አደንቃለሁ። “የመጀመሪያው” የሚለውን ማዕረግ ግን በጥንቃቄ እይዘዋለሁ። በፋብሪካ በተሠራ ቦርድ ቆሞ በመጋለብ ምናልባት የመጀመሪያው ነው። በማዕበል ላይ በመኖር ግን ከእሱ በፊት አያቶቹ አሉ። ይልቅ የእሱ ታሪክ ትልቁ ነገር ሌላ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን በላይቤሪያ የእሱ እኩዮች እጅ ላይ ይገባ የነበረው ጠመንጃ ነው። እሱና ከእሱ በኋላ የመጡት የመንደሯ ልጆች ባሕሩን ከሽሽትና ከሥራ ሌላ ለደስታም የሚሆን አደረጉት። በ2014 ኢቦላ መጥቶ እንግዳ ሁሉ ሲሸሽ፣ የውጭ ሰርፈሮች ሲጠፉ፣ ማዕበሉ ላይ የቀሩት እነሱ ነበሩ። “ሰው የለም” የተባለበት ዳርቻ ላይ ሰው የነበረው ያኔም አሁንም የአገሩ ልጅ ነው።

ለሚሄድ ሰው

አንድ ቀን ዕድሉን አግኝታችሁ ሮበርትስፖርት ብትሄዱ፣ ወይም ሌላ ጸጥ ያለች የባሕር መንደር ብትደርሱ፣ ሦስት ነገር ብቻ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን መንገድ ጠይቁ፤ ከዚያ ራቁ። ለእናንተ መጫወቻ የሆነው ማዕበል ለእነሱ የሥራ በር ነው። መረብ ላይ ቦርድ ይዞ መውደቅ ለሁለቱም ወገን ክስረት ነው።

ሁለተኛ፣ ብራችሁ እዚያው ይቅር። የሚያስተምራችሁን ልጅ ክፈሉት፤ ዓሣውን ከመንደሯ ግዙ። “ያልታወቀ” ቦታ ሲታወቅ መጀመሪያ የሚወደደው መሬት ነው፤ መጀመሪያ ከዳርቻው የሚገፋውም ደሃው ነው። ይህን ከአዲስ አበባ በላይ የሚያውቅ ከተማ የለም።

ሦስተኛ፣ ስትመለሱ ፎቶው ሥር “ማንም የማያውቀው ቦታ” ብላችሁ አትጻፉ። ይህ ለወንጪም፣ ለዶርዜም፣ ለገርዓልታም ይሠራል። ከከተማ ወጥተን ሁለት ቀን ባደርንበት አገር ሁሉ “አገኘነው” የማለት አባዜ አለብን። ያ ቦታ እኛ ከመድረሳችን በፊት ስም አለው፣ ባለቤት አለው፣ የሚጣሉበት ድንበር አለው፣ ሰርግና ለቅሶ አለው። ከቻላችሁ ይልቅ ከሰዎቹ የሰማችሁትን አንድ ታሪክ ጻፉ። ኬፕ ማውንት ከደረሳችሁ ደግሞ ፊደሉን የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጉና ስማችሁን በቫይ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። እናንተም ስሙን በእኛ ፊደል ጻፉለት።